ሴሉሎስን ኦክሳይድ ማድረግ፦ ያው ሞለኪውል ሦስት ዓይነት ውጤት የሰጠኝ ለምንድን ነው?

ባለብርሌ

ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ሦስት የሴሉሎስ ናሙናዎችን በሶዲየም ፐርአዮዴት፣ ማለትም አዮዲን ባለው ኦክሳይድ አድራጊ ጨው፣ ኦክሳይድ አድርጌ ነበር። አንደኛው የጸዳ ጥጥ፣ ሁለተኛው ማይክሮክሪስታላይን ሴሉሎስ የሚባለው ነጭ ዱቄት፣ ሦስተኛው ደግሞ ሟሙቶ እንደገና ክር የሆነ ሴሉሎስ፣ ማለትም ቪስኮስ ነው። ሦስቱንም በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርቄ መዘንኩ፤ እኩል ክብደት፣ እኩል ፐርአዮዴት፣ እኩል ሙቀት ሰጠኋቸው፤ ብልቃጦቹንም በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልዬ ለ24 ሰዓት ብርሃን በማይደርስበት ቦታ አቆየኋቸው።

ግምቴ ቀላል ነበር። ዱቄቱ ቅንጣቱ ደቃቅ፣ ሰንሰለቱም አጭር ስለሆነ ከሁሉም ቀድሞ ይለወጣል ብዬ ነበር። ኦክሲዴሽኑ የሚፈጥረውን የአልዲሃይድ መጠን በሃይድሮክሲላሚን ሃይድሮክሎራይድ ታይትሬሽን ስለካ ግን ቪስኮሱ ሁለቱንም በሰፊ ልዩነት በልጦ ተገኘ፤ ዱቄቱ ከጥጡ እምብዛም አልራቀም። ሦስቱም ግሉኮስ በቤታ 1፣4 ትስስር የተቀጣጠለባቸው ሰንሰለቶች ከሆኑ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ግራ ያጋቡኝ ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። በኢንፍራሬድ ንባቡ ላይ በሞገድ ቁጥር 1730 (በሴንቲሜትር) አካባቢ የአልዲሃይድ ምልክት ጎልቶ እንዲታይ ስጠብቅ፣ ያገኘሁት ደብዛዛ ጉብታ ብቻ ነው። በመጨረሻም የቪስኮሱን ናሙና ከአሲድ ቅሪት ላጽዳው ብዬ በቀጭን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሳጥበው ቢጫ ሆነ፤ ከፊሉም ማጣሪያው ላይ መቅረቱን ትቶ ከውሃው ጋር ሄደ። ምን አጥፍቼ ነው?

ሰንሰለት

የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልሞክረው፤ ሌሎቹን የሚያውቁ እዚህ አሉ።

ሞለኪውሉ ያው ነው ማለትዎ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ፐርአዮዴቱ ብልቃጡ ውስጥ የሚገናኘው ከጠጣር አካል ጋር ነው። እያንዳንዱ የግሉኮስ ክፍል ሦስት ሃይድሮክሲል አለው፤ በካርቦን 2 እና በካርቦን 3 ላይ ያሉት ሁለተኛ ደረጃ አልኮሎች ሲሆኑ በካርቦን 6 ላይ ያለው አንደኛ ደረጃ ነው። ግሉኮስ ብቻውን ውሃ ውስጥ ቢሟሟ ሦስቱንም የሚከለክላቸው የለም። በተፈጥሮ ሴሉሎስ ክሪስታል ውስጥ ግን የካርቦን 3 ሃይድሮክሲል ሃይድሮጅኑን ለጎረቤቱ ቀለበት ኦክሲጅን ሰጥቶ ተይዟል፤ የካርቦን 2 ሃይድሮክሲል በዚያው ሰንሰለት ላይ ወዳለው ኦክሲጅን 6 ዞሯል፤ የካርቦን 6 ሃይድሮክሲልም የአጠገቡን ሰንሰለት ኦክሲጅን 3 ጨብጧል። በዚህ የተነሳ ሰንሰለቱ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋና ግትር ይሆናል፤ ጥብጣቦቹ ጎን ለጎን ተያይዘው ንጣፍ ይሠራሉ፤ ንጣፎቹም በ0.39 ናኖሜትር ያህል ርቀት ይደራረባሉ። በዚህ ክፍተት ውሃ እንኳ አይገባም። ሴሉሎስን ከባድ ውሃ (ሃይድሮጅኑ ዲውትሪየም የሚባለው ከባዱ ዓይነት የሆነ ውሃ) ውስጥ ቢዘፈዝፉት የክሪስታሉ ውስጠኛ ሃይድሮክሲሎች ሃይድሮጅናቸውን በዲውትሪየም አይለውጡም፤ ሲርስም የክሪስታሉን አደራደር የሚያሳዩት የኤክስሬይ ንባብ ጫፎች ከቦታቸው አይንቀሳቀሱም። ውሃ ያልገባበት ቦታ ፐርአዮዴት ሊገባ አይችልም።

አሁን ወደ ዱቄቱ እንምጣ። ማይክሮክሪስታላይን ሴሉሎስ የሚሠራው ሴሉሎስን በቀጭን አሲድ በማፍላት ነው። አሲዱ በቀላሉ የሚደርሰው ሥርዓት ባልያዙት ክፍሎች ላይ ስለሆነ እነሱን ቆራርጦ ያስወግዳል። በጥጥ ላይ ይህ ሲደረግ፣ መጀመሪያ በሺዎች ብሎም እስከ 10,000 የሚደርሱ የግሉኮስ ክፍሎች የነበሩት ሰንሰለት በፍጥነት ያጥርና ከ200 እስከ 300 ክፍሎች ሲደርስ መቀነሱን ያቆማል ለማለት ይቻላል። እንግዲህ በእጅዎ ያለው ዱቄት የላላው ክፍል አስቀድሞ የተወሰደበት፣ ጠንካራው የቀረበት ናሙና ነው። የቅንጣቱ ደቃቅነትም አያታልልዎ፤ በአሥር ማይክሮሜትሮች የሚለካ አንድ ቅንጣት ወርዳቸው በናኖሜትር የሚቆጠር እጅግ ብዙ ክሪስታሎች ተጣብቀው የሠሩት ነው። ድንጋይ ፈልጦ ኮረት ማድረግ የድንጋዩን ውስጥ አያላላውም።

ቪስኮስ ሌላ ነው። ከሟሟ በኋላ ስለተመለሰ ክሪስታሉ ሁለተኛው ዓይነት፣ ማለትም ሰንሰለቶቹ በተቃራኒ አቅጣጫ የተሰለፉበት ሴሉሎስ 2 ነው፤ የክሪስታል ድርሻውም አነስተኛ ነው፤ ውሃ ውስጥም በደንብ ያብጣል። ጆን መርሰር በ1850 የፈጠራ መብት ያገኘበት የአልካላይ አሠራርም የተፈጥሮውን ሴሉሎስ ሳያሟሟ ወደዚህ ዓይነት የሚለውጥ ነው። ጥጥዎን በ18 በመቶ ገደማ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ዘፍዝፈው በሚገባ ካጠቡት በኋላ ያንኑ ሙከራ ቢደግሙት፣ ጥጡ ራሱ ወደ ቪስኮሱ ሲጠጋ ያያሉ ብዬ እጠብቃለሁ።

ነጭ ፋይበር

በአጭሩ፣ ፐርአዮዴት የሚነካው ቅርጽ አልባውን፣ ማለትም ሥርዓት ያልያዘውን ክፍል ብቻ ነው። ክሪስታሉ እስከ መጨረሻው ሳይነካ ይቀራል። ስለዚህ የሚያገኙት አልዲሃይድ የቅርጽ አልባው ክፍል መለኪያ ነው ብለው ቢጽፉ ይበቃል።

ሰንሰለት

ነጭ ፋይበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህን አባባል ባለብርሌ በመመረቂያ ጽሑፋቸው ላይ እንዲያሰፍሩት አልመክርም። መጀመሪያው እንዳሉት ነው፤ ፍጻሜው ግን አይደለም። በቂ ጊዜና በቂ ፐርአዮዴት ካገኘ ጥጥም ቢሆን እስከ ከፍተኛ ደረጃ ኦክሳይድ ይሆናል፤ ሙሉ በሙሉ ኦክሳይድ የሆነውም በሙቅ ውሃ ሊሟሟ ይችላል። ክሪስታሉ ሳይነካ የሚቀር ቢሆን ይህ አይሆንም ነበር።

ምክንያቱ የፐርአዮዴት አሠራር ነው። ማላፕራድ በ1928 ፐርአዮዲክ አሲድ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አልኮሎችን የያዘውን የካርቦን ትስስር እንደሚቆርጥ አሳየ፤ ጃክሰንና ሃድሰን በ1937 ይህንኑ በሴሉሎስና በስታርች ላይ አዋሉት። አዮዲኑ በአንድ ጊዜ ኦክሲጅን 2ንም ኦክሲጅን 3ንም ይዞ ባለ አምስት አባል ቀለበት መሥራት አለበት፤ ከዚያ በካርቦን 2 እና በካርቦን 3 መካከል ያለው ትስስር ይበጠስና ሁለት አልዲሃይዶች ይወጣሉ። የግሉኮሱ ቀለበት ተከፈተ ማለት ነው። ቀለበቱ የተከፈተበት ሰንሰለት ደግሞ ግትርነቱን ያጣል፤ ጎረቤቱን የያዘበት የሃይድሮጅን ትስስር ይላላል፤ ከሥሩ ያለውም ንጣፍ ለሚቀጥለው ፐርአዮዴት ይጋለጣል። ጠላት በሩን ሰብሮ የሚገባ ብቻ ሳይሆን ግንቡን እየናደ የሚሄድ ዓይነት ነው። በኤክስሬይ ቢከታተሉት የክሪስታሉ ጫፍ ከኦክሲዴሽኑ ጋር እያነሰ ሲሄድ የሚታየው ለዚህ ነው።

በተግባር ሂደቱ ሁለት ፍጥነት አለው። መጀመሪያ በቀላሉ የሚደረስባቸው ሃይድሮክሲሎች ይበላሉ፤ ቀጥሎ ረጅሙና ዘገምተኛው ይመጣል። ባለብርሌ፣ የ24 ሰዓቱን አንድ ነጥብ ብቻ ከመውሰድ በየሁለት ሰዓቱ ከፈሳሹ ጥቂት እየቀዱ አቅጥነው በ290 ናኖሜትር የብርሃን መምጠጡን ቢለኩ የተበላውን ፐርአዮዴት ያውቃሉ፤ የሦስቱን ናሙናዎች ጸባይም በአንድ ሥዕል ያያሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የተበላው ፐርአዮዴት ከተገኘው አልዲሃይድ ጋር የማይመጣጠን ከሆነ ትርፉ የሄደው ወደ ተጨማሪ ኦክሲዴሽን ነው፤ ይህም ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ በላይ ሲሆን ወይም ብርሃን ሲገባ ይብሳል።

የድሮ ላቦራቶሪ

ሁላችሁም ስለ ክሪስታል ስትጽፉ አንድ ነገር አልፋችኋል። ባለብርሌ ናሙናዎቹን በ105 ዲግሪ አድርቀው ነው የጀመሩት!

ሴሉሎስ ሲደርቅ ጥቃቅን ክሮቹ መካከል ያለው ውሃ ይወጣና ክሮቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ በመካከላቸው የነበሩት ቀዳዳዎች ይዘጋሉ። እንደገና ቢርስም ሙሉ በሙሉ ወደ ነበረበት አይመለስም። የወረቀት ሰዎች አንድ ጊዜ የደረቀና ፈጽሞ ያልደረቀ ፐልፕ ብለው የሚለዩት በከንቱ አይደለም። ያልደረቀው ውሃ ይይዛል፣ ያብጣል፣ ኬሚካል ያስገባል፤ የደረቀው ያንን ችሎታ በከፊል አጥቷል። የክሪስታሉ ድርሻ እምብዛም ሳይለወጥ ለሪአክሽን የተጋለጠው ገጽ ብቻ ሊቀንስ ይችላል ማለት ነው።

እኔም ወጣት ሳለሁ በዚሁ ስህተት አንድ ወር ሙሉ አባክኛለሁ። አንዱን የማጣሪያ ወረቀት በክፍል ሙቀት፣ ሌላውን በኦቨን አድርቄ ውጤታቸው ሲለያይ ፐርአዮዴቱ ተበላሽቷል ብዬ ሦስት ጊዜ አዲስ አዘጋጅቼ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው። ከናሙናው ጥቂት ለብቻ ወስደው እሱን ብቻ አድርቀው የእርጥበቱን መጠን ያስሉ፤ ኦክሳይድ የሚያደርጉትን ግን ሳያደርቁ መዝነው በሒሳብ ያስተካክሉት። ፐርአዮዴት ከመጨመርዎ በፊትም ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደር።

ሞገድ ቁጥር

የኢንፍራሬዱን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። ምልክቱ የደበዘዘው አልዲሃይዱ ስለሌለ አይደለም፤ ራቁቱን ስለማይቀመጥ ነው። በዲአልዲሃይድ ሴሉሎስ ውስጥ አልዲሃይዱ ወይ ውሃ ይዞ ሃይድሬት ይሆናል፣ ወይ ያልተነካ ሃይድሮክሲል ከአጠገቡ አግኝቶ ሄሚአሴታል ይሠራል። በሁለቱም መልክ የካርቦንና የኦክሲጅን ድርብ ትስስር ስለሌለ በ1730 አካባቢ የሚታየው በነጻነት የቀረው ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ለሄሚአሴታሉ በ880 አካባቢ ያለውን ለውጥ ይመልከቱ። በ1640 አካባቢ የሚያገኙት ደግሞ ናሙናው የያዘው ውሃ ነውና ከካርቦኒል ጋር እንዳያምታቱት።

ታይትሬሽኑ ለምን ሠራ ቢሉ፣ ሃይድሮክሲላሚኑ ነጻውን አልዲሃይድ ኦክሲም እያደረገ ሲወስደው የተደበቀው እየተፈታ ተራውን ስለሚጠብቅ ነው። ስለዚህ በኢንፍራሬድ ዓይነቱን፣ በታይትሬሽን መጠኑን ያስረዱ።

ቀስ በቀስ

ቢጫ ሆኖ ስለሟሟው ናሙና፦ ያጠፋዎት አልካላዩ ነው። ኦክሳይድ የሆነ ሴሉሎስ በአሲድም በገለልተኛ ውሃም በጥሩ ሁኔታ ይቆያል፤ አልካላይ ሲነካው ግን ካርቦኒል ባለበት ሁሉ የቤታ ኤሊሚኔሽን አደጋ አለ። ካርቦኒሉ አጠገብ ያለው ካርቦን ሃይድሮጅኑን ለአልካላዩ ይለቃል፤ ከእሱ ቀጥሎ ባለው ካርቦን ላይ የተንጠለጠለው ኦክሲጅንም ትስስሩን በጥሶ ይሄዳል። ካርቦኒሉ በካርቦን 6 ወይም በካርቦን 2 ላይ ከሆነ የሚሄደው ኦክሲጅን 4 ነው፤ በካርቦን 3 ላይ ያለ ኬቶን ከሆነ ደግሞ ኦክሲጅን 1። ሁለቱም በሰንሰለቱ ውስጥ አንዱን ግሉኮስ ከሌላው ጋር የሚያያይዙ ድልድዮች ናቸው። በዲአልዲሃይዱ ላይ የሚበጠሰው ትስስር ሌላ ነው፤ መዘዙ ግን ያው መፈራረስ ነው። ቢጫነቱም ከዚህ ከሚወጡት ድርብ ትስስር ካላቸው ስብርባሪዎች ይመጣል። ቪስኮሱ ከሦስቱ አብዝቶ የተጎዳው በብዛት ኦክሳይድ የሆነው እሱ ስለሆነ ነው፤ በመጀመሪያው መለኪያ ያሸነፈበት ምክንያት በአጠባው ላይ ገደለው።

አልካላይ ማግኘቱ የማይቀር ከሆነ አስቀድመው በሶዲየም ቦሮሃይድራይድ አልዲሃይዱን ወደ አልኮል ይመልሱት። ያለበለዚያ የቀረውን ፐርአዮዴት በኤትሊን ግላይኮል ያጥፉና በንጹሕ ውሃ ብቻ ደጋግመው ይጠቡ።

ይህ ነገር በጨርቅ ማንጻት ሥራ ላይ ከጥንት የታወቀ ችግር ነው። ጥጥ በሃይፖክሎራይት ሲነጣ ብዙ ጉዳት የሚደርስበት የማንጫው ፈሳሽ ገለልተኛ በሚሆንበት፣ በፒ ኤች 7 አካባቢ ነው፤ በዚያ ቦታ ሃይፖክሎረስ አሲዱና ሃይፖክሎራይቱ ሁለቱም በብዛት ይገኛሉ። ነጩ ጨርቅ ከማንጻቱ ሲወጣ ደህና መስሎ፣ በአልካላይ ሳሙና ሲታጠብ የሚቀደደው ካርቦኒሉ በውስጡ ተደብቆ ስለቆየ ነው። ፒ ኤቹን ከ9 በላይ የሚይዙት ለዚህ ነው።

ባለብርሌ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የማድረቁ ነገር በተለይ አስደንግጦኛል፤ የሥራ መመሪያችን ላይ የተጻፈው ‘እስከ ቋሚ ክብደት ይድረቅ’ የሚል ነበር።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። አማካሪዬ ክሪስታሉን ሳላፈርስ ኦክሳይድ ማድረግ ከፈለግሁ ቴምፖ ወደሚባለው የኦክሲዴሽን ማፋጠኛ እንድሄድ መክረውኛል። ቴምፖስ ግንቡን አይንድም?

ገጽና ጥልቀት

አይንድም፤ ለዚህም ነው ቴምፖ ስለ መዋቅር ከፐርአዮዴት የተሻለ የሚያስተምረው።

ቴምፖ ራሱ ወደ ኦክሶአሞኒየም ተለውጦ ነው የሚሠራው። በናይትሮጅኑ ግራና ቀኝ አራት ሜታይሎች ስለከበቡት ለተጨናነቀው የካርቦን 2 እና የካርቦን 3 ሃይድሮክሲል አይመችም፤ ወጣ ብሎ የቆመውን የካርቦን 6 ሃይድሮክሲል ይመርጣል። እሱን በአልዲሃይድ በኩል አሳልፎ ካርቦክሲል ያደርገዋል፤ የግሉኮሱ ቀለበት ሳይከፈት ይቀራል። በሶዲየም ብሮማይድና በሃይፖክሎራይት በፒ ኤች 10 ሲሠራ አሲድ ስለሚወጣ፣ ፒ ኤቹን ለመጠበቅ ከቢውሬቱ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ጠብ ሲያደርጉ ይውላሉ፤ ጠብታው መፈለጉ ሲያቆም ሪአክሽኑ አበቃ።

መዋቅሩ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ኢሶጋይና ካቶ በ1998 እንደገና የተመለሰንና በአልካላይ የታከመን ሴሉሎስ በዚህ መንገድ ሲያስኬዱ፣ ሁሉም ካርቦን 6 ማለት ይቻላል ካርቦክሲል ሆኖ ናሙናው ውሃ ውስጥ ሟሟ። የተፈጥሮውን ሴሉሎስ ግን ቢያበዙበትም አይሟሟም፤ የክሪስታልነቱም መጠን እንዳለ ይቆያል። ኦክሳይድ የሚሆነው የክሪስታሉ ገጽ ብቻ ነው። ገጹ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል (ኔጋቲቭ ቻርጅ) ስለሚይዝ ክሮቹ ይገፋፋሉ፤ በማደባለቂያ ሲመቱም ወርዳቸው 3 እስከ 4 ናኖሜትር ወደሆነ ነጠላ ክር ይበተናሉ። ኢሶጋይ፣ ሳይቶና ኒሺያማ በ2015 የማርከስ ዋለንበርግ ሽልማትን የተቀበሉት በዚህ ሥራ ነው።

አሁን አብረን እናስላ። አንዱ የክሪስታል ክር በ6 በ6 የተደረደሩ 36 ሰንሰለቶች አሉት እንበል። በዙሪያው ገጽ ላይ የሚገኙት 20 ናቸው። ሰንሰለቱ በእያንዳንዱ ግሉኮስ ላይ 180 ዲግሪ ስለሚዞር፣ ገጽ ላይ ካለ ሰንሰለትም ቢሆን ካርቦን 6ቱ ወደ ውጭ የሚያይለት በየሁለት አንዱ ነው። ስለዚህ ከ36 ውስጥ የ10ን ያህል፣ ማለትም 28 በመቶውን ብቻ ቴምፖ ያገኛል። አንድ የግሉኮስ ክፍል 162 ግራም በሞል ስለሆነ አንድ ግራም ሴሉሎስ 6.17 ሚሊሞል ክፍሎች አሉት፤ 28 በመቶው 1.7 ሚሊሞል ገደማ ነው። ከእንጨት ፐልፕ በሙከራ የሚገኘው ጣሪያ ምን ያህል ነው? ከ1.5 እስከ 1.7 ሚሊሞል በግራም። ሁሉም ካርቦን 6 ቢለወጥ ኖሮ የሶዲየም ጨዉ 5 ሚሊሞል በግራም ይደርስ ነበር። በጥጥ ላይ ክሪስታሉ ሰፋ ስለሚል የገጹ ድርሻ ያንሳል፤ ካርቦክሲሉም እንዲሁ።

ሰንሰለት

ስሌቱ ደስ ይላል፤ ሆኖም ሁለት ነገር ይታረም። ካርቦክሲል ሲጨመር ክብደቱም ይጨምራል፤ እያንዳንዱ የተለወጠ ክፍል እንደ ሶዲየም ጨው 36 ግራም ይጨምራልና አማካዩ 172 ይሆናል፤ ውጤቱም ወደ 1.6 ይወርዳል። ሁለተኛ፣ የ36 ሰንሰለቱ ሞዴል አሁን የሁሉም ስምምነት አይደለም። ክሩ 18 ሰንሰለት ብቻ አለው የሚሉ ብዙ ናቸው። በ2፣ 3፣ 4፣ 4፣ 3፣ 2 ቢደረደሩ ገጽ ላይ የሚወጡት 12 ናቸው፤ ወደ ውጭ የሚያዩት የ6ቱ ያህል፤ ስሌቱም 1.9 ይሰጣል።

ገጽና ጥልቀት

እርማቱን ተቀብያለሁ። 1.9 ከሙከራው ጣሪያ መብለጡን ግን በ18ቱ ሞዴል ላይ እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም፤ ፐልፕ ውስጥ ክሮች ጎን ለጎን ተጣብቀው ገጻቸውን ይሸፍናሉና። ከካርቦክሲል መጠን ተነስቶ የሰንሰለቱን ቁጥር መወሰን አይቻልም፤ ሁሉም ሳይሆን አንድ አራተኛ ወይም አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ካርቦን 6 ብቻ ይገኛል ማለት ግን ይቻላል።

ባለብርሌ፣ በፒ ኤች 10 ከሠሩ ቀስ በቀስ ያስጠነቀቁት ቤታ ኤሊሚኔሽን እዚህም ይጠብቅዎታል፤ ለአፍታ የሚፈጠረው የካርቦን 6 አልዲሃይድ ሰንሰለቱን ያሳጥረዋል። የሰንሰለቱ ርዝመት ከሚያስፈልግዎ ሃይፖክሎራይቱን በጥቂቱ አድርገው ክሎራይትን ዋና ኦክሲዳንት ያድርጉና ከፒ ኤች 7 በታች ይሥሩ። ቀኑ ይረዝማል፤ አልዲሃይዱ ግን ወዲያው ወደ ካርቦክሲል ስለሚያልፍ ሰንሰለቱ ይተርፋል።

ባለብርሌ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ጥጡን ሳላደርቅ፣ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሬ ደገምኩት፤ ከመጀመሪያው በግልጽ የበለጠ አልዲሃይድ ሰጠ። በአልካላይ ታክሞ የታጠበው ጥጥ ደግሞ ሰንሰለት እንዳሉት ወደ ቪስኮሱ ተጠጋ። በቦሮሃይድራይድ የተመለሰው ቪስኮስም ያንኑ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቢነካው ነጭ እንደሆነ ማጣሪያው ላይ ቀረ።

አንድ ያልገባኝ ነገር ቀርቷል። ፈጽሞ ኦክሳይድ ያላደረግሁትን ቪስኮስ በሃይድሮክሲላሚን ስለካው ዜሮ መሆን ሲገባው ትንሽ አልዲሃይድ ያሳየኛል።

የድሮ ላቦራቶሪ

ያ ትንሽ ቁጥር አልዲሃይድ ላይሆን ይችላል። ዘዴው የሚቆጥረው የወጣውን አሲድ ነው፤ ቪስኮስ በአሠራሩ ምክንያት ጥቂት ካርቦክሲል ይይዛል፤ ያም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድዎን ይበላል። ለእያንዳንዱ ናሙና እኩል ክብደት ወስደው ሃይድሮክሲላሚን በሌለበት የጨው ውሃ ውስጥ፣ በዚያው መነሻ ፒ ኤች፣ እስከዚያው መጨረሻ ፒ ኤች ታይትሬት ያድርጉና ይቀንሱት። ሃይድሮክሲላሚኑን ብቻ ያለ ናሙና መለካትም አይርሱ፤ ሁለቱም ባዶ መለኪያዎች ያስፈልጋሉ። ከተቀነሰም በኋላ የሚተርፍ ካለ የሰንሰለቱ ጫፎች ናቸው፤ ቪስኮስ ሰንሰለቱ አጭር ስለሆነ ከጥጥ የበለጠ ጫፍ አለው።